መምህሩ ማንን ከሰሱ?

«መምህሩ ተማሪውን የደበደበውን ጎረምሳ ከሰሱ» የሚል የዜና ርዕስ አየን እንበል። «መምህሩ ተማሪውን» የሚለው ላይ ስንደርስ የቀረውን አንጠብቅም፤ መምህሩ ተማሪውን አንድ ነገር አድርገውታል ብለን ጨርሰናል። «የደበደበውን» ሲከተልማ ጥርጣሬያችን ይብሳል። ጎረምሳው ብቅ የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያኔ የገነባነውን አፍርሰን እንደ አዲስ እንጀምራለን። ግሡ መጨረሻ ላይ በሚመጣበት ቋንቋ ይህ የዘወትር ሥራችን ነው።

ልብ ያለ አንባቢ አንድ ፍንጭ አያጣም፤ አንቱታውን። ደብዳቢው መምህሩ ቢሆኑ «የደበደበ» አይባልላቸውም ነበር። አንቱ ማለት ለጨዋነት ብቻ ይመስለናል እንጂ ለሰዋስውም ውለታው ትልቅ ነው። ሁሉንም «እሱ» በሚለው የስፖርት ገጽ ላይ ግን ይህ ፍንጭ የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ተማሪውን የደበደበውን ጎረምሳ መምህሩ ከሰሱት»። ባለቤቱ ወደ ግሡ ሲጠጋ ግርታው ይጠፋል።

ፊደላችን ጥብቀትን አለመጻፉ ከዚህ የባሰ ችግር ይመስል ይሆናል። «ልጁ ይመታል» ብንል መቺ ይሁን ተመቺ ወረቀቱ አይነግረንም። ግን «ኳሱን በግራ እግሩ» የሚል ከቀደመው አላልተን አንብበን እናልፋለን፤ የሚጠብቅ ንባብ እንዳለውም ትዝ አይለን።

«አንባቢ ከአውዱ ይረዳዋል» የሚሉ ጸሐፊዎች የሚተማመኑት በዚህ ነው። እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እነ ኪየል ክሪስቲያንሰን በ2001 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያወጡት ጥናት አለ። አና ራሷ ስትለብስ ሕፃኑ አልጋው ላይ እንዳስታወከ የሚናገር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ለአንባቢዎች ሰጡ። እንግሊዝኛው መልበስንም ማልበስንም በአንድ ግሥ ይላል፤ ኮማም አልነበረውም። አንባቢዎቹ መጀመሪያ ሕፃኑን የምታለብስ መሰላቸው፤ ቀጥሎ ያስታወከው ሕፃኑ መሆኑን ተረዱ። ይሁንና «አና ሕፃኑን አለበሰችው?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ «አዎ» አሉ። አዲሱን ግንዛቤ ሲቀበሉ አሮጌውን አልጣሉትም።

የተሳሳተው የመጀመሪያ ግምት እንዲህ የሚቀር ከሆነ፣ ርዕስ ብቻ አይቶ ገጹን የሚገለብጠው አንባቢ ምን ይዞ ይሄዳል? የጋዜጣ አዘጋጆች ሆይ፣ ክስና ወንጀል ያለበትን ርዕስ ከማተማችሁ በፊት ዜናውን ላላነበበ ባልደረባ አንድ ጊዜ አስነብቡትና ማን ምን እንዳደረገ ጠይቁት።