የሕግ ተማሪው ደብተር




ባለፈው ሐምሌ፥ ፍርድ ቤት ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት፥ የሕግ ተማሪ የሆነው የእኅቴ ልጅ የጀማን ቈላ ተሻግሮ ወደ ዓለም ከተማ መጣ። በያዘው ደብተር ላይ በአዲስ አበባ የሚገኙ የጥብቅና ድርጅቶችን ስምና ሕንፃ ጽፎአል፤ ሲመረቅ ከየትኛው ዘንድ ሥራ እንደሚጠይቅ ለመምረጥ ነው። «እያንዳንዳቸው የሚይዙት ምን ዓይነት ጉዳይ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ጋሼ፥ ሁሉም በማንኛውም የሕግ ጉዳይ እናገለግላለን ነው የሚሉት» አለኝ። እንግዲያው ለምርጫ የቀረው የፎቁ ቍጥር ብቻ ነው!

እርግጥ ነው፥ ነገሩ አዲስ ነው። የሕግ ፋኩልቲ በአዲስ አበባ በ1956 ዓ.ም. ቢከፈትም፥ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆሙ ጠበቆች በማኅበር ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደላቸው በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1249 ነው። በዚያው ዓመት አዲሱ የንግድ ሕግና የግልግል ዳኝነት አዋጅም ወጥተዋል። ስለዚህ የወጣቱ ዓይን ወደ ባንክና ወደ ኩባንያ ቢያይ አልፈርድበትም።

ነገር ግን በማግሥቱ ይዤው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ሄድሁ። ሦስት ጧት ተቀምጠን የሰማነው የውርስ ቤት፥ የእርሻ ወሰን፥ የልጅ ቀለብና የብድር ገንዘብ ክርክር ነው። አብዛኛው ባለጕዳይ ጠበቃ የለውም፤ ክሱን የሚያስጽፈው ደጅ ከተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። አንዲት እናት የሟች ወንድሟን ቤት ሌላ ሰው መያዙን እያወቁ ከሦስት ዓመት በላይ ቈይተው በመክሰሳቸው፥ ክሱ በይርጋ ቀሪ ነው ተባለ። ከችሎት ወጥተው «ልጄ፥ ይርጋ ማነው?» ብለው የጠየቁት የእኅቴን ልጅ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቍጥር 1000 በቃሉ ያውቀዋል፤ ለእኒያ እናት ማስረዳት ግን አቃተው።

ድርጅቶቹ በብዛት የሚይዙትን ጉዳይና ለልምምድ ተማሪ ይቀበሉ እንደ ሆነ በግልጽ ቢጽፉ ምን ይጐዳቸዋል? የሕግ ትምህርት ቤቶችስ ተማሪው ድርጅት ሳይመርጥ በፊት አንድ ወር በወረዳ ችሎት ተቀምጦ የሰማውን እንዲመዘግብ ቢያደርጉ? ወጪው የአውቶቡስ ዋጋና የእንጀራ ነው።

ልጁ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። ከመሄዱ በፊት በደብተሩ መጨረሻ «ውርስ፤ ዓለም ከተማ» ብሎ ጽፎ፥ የድርጅቱን ስም ቦታ ባዶ ትቶት አየሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከዓለም ከተማ