ሽንት እምቢ ያለው አባወራ በኀፍረት አይጎዳ

በኮቸሬ ወረዳ፣ በጨለለቅቱ አካባቢ በሚደረግ የገበሬዎች ስብሰባ ስለ ቡና ችግኝና ስለ መንገድ ብዙ ይነገራል። ሽማግሌው ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እየተነሣ ሽንቱን በጠብታ ማውጣቱ ግን አይነሣም። ምክንያቱ ኀፍረት ነው፤ ጨብጥ ይዞታል ተብሎ መታማትን ይፈራል። ይሁንና ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ወንድ ላይ ይህን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ከፊኛ በታች ያለው የፕሮስቴት እጢ ማደግ ሲሆን፣ ከአባላዘር በሽታ ጋር ግንኙነት የለውም። የስኳር በሽታም ሌሊት ያመላልሳልና ልዩነቱን የሚያውቀው ጤና ጣቢያው መርምሮ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእናቶችና ለሕፃናት የሠራው የሚያስመሰግን ነው። ሠራተኞቹ ግን አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ስለሆኑ፣ አንድ አባወራ ለልጁ እኩያ ይህን ገልጦ ይናገራል ማለት ዘበት ነው። ቀርቦ መጠየቅ የሚገባው በዕድሜ የሚመስለው የማኅበሩ መሪ ነው።

ሽንት ጨርሶ ቆሞ ከእምብርት በታች ሆድ ከተወጠረ የቡና ለቀማ እስኪያልቅ አይጠበቅም። በዚያው ቀን በቀጭን ቱቦ ካልወጣለት ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ሽንቱ ደም የቀላቀለም እስከ ዲላ ሆስፒታል ሄዶ መታየት ይኖርበታል። ቃሬዛና ተሸካሚ አስቀድሞ ማሰናዳት የማኅበሩ ድርሻ ነው።