ቁጣን መግራትም ትምህርት ነው

አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ በክፍል ጓደኛዋ ላይ ድንጋይ ብታነሣ፣ መምህሯን ብትሳደብ፣ ወይም ከቤቷ ኰብልላ ሁለት ቀን ብትሰወር የምናዝላት መድኃኒት አንድ ዓይነት ነው። ትምህርት ቤቱ «ወላጅ ይዘሽ ነዪ» ይላታል፤ አባት በአለንጋ ይቀበላታል፤ ጎረቤት «ወንዳ ወንድ» የሚል ስም ያወጣላታል። በዚያው አድራጎት ወንድሟ «ጐበዝ፣ አይነኬ» ተብሎ ሊመሰገን ይችላል። እርሷን ግን ሁሉም በአንድ አፍ «ታገሺ፣ ጨዋ ሁኚ» ይሏታል። እንዴት አድርጋ እንደምትታገሥ የሚያሳያት ሰው ግን አይገኝም። የዛሬው ሐሳቤም «እንዴት» በምትባለው በዚህች አንዲት ቃል ላይ ነው።

የአዊ ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን የሚያስብበት በዓል ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። በዚያ ሜዳ ላይ አጊጦ የሚሰግረውን ፈረስ ያየ እንግዳ፣ እንዲያ ሆኖ የተወለደ ይመስለው ይሆናል። ባለቤቱ ግን ከውርንጭላነቱ ጀምሮ የደከመበትን ያውቃል። ዱላ ብቻ የቀመሰ ፈረስ ደንባራ ይሆናል እንጂ አይገራም። እርግጥ ሰው ፈረስ አይደለም፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። የፈረሱን ልጓም የሚይዘው ጋላቢው ሲሆን፣ የልጅቷን ልጓም መያዝ ያለባት ግን ራሷ ናት።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በኮረዳነትና በጉርምስና ዕድሜ ስሜትን የሚያነሣሣው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይነቃል፤ የሚያመዛዝነውና የሚገታው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ኻያዎቹ አጋማሽ ድረስ እድገቱን አይጨርስም። ማርሻ ሊንሃን የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ስሜት ለሚያይልባቸው ሰዎች ስሜትን የመግራት ችሎታ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥበትን ዘዴ አቅርበዋል። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ ልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ዩኒቨርስቲዎች ተባብረው የጠባይ ችግር ያለባቸውን ልጃገረዶች ለይተው አጥንተዋል፤ እንዲህ ያለውንም ሥልጠና በማሳደጊያ ተቋሞች በሚኖሩት ላይ ሞክረዋል። ይህን ያስፈለገው ከዚያ በፊት የነበረው ጥናት በአብዛኛው በወንዶች ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ ነው።

ትምህርቱ ረቂቅ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ ልጅቷ ስሜቷን ለይታ በስሙ መጥራት ትማራለች። «ተናደድሁ» የምትለው አፍራ፣ ፈርታ ወይም ተበድላ ሊሆን ይችላል፤ የእያንዳንዱም መድኃኒት የተለየ ነው። ቀጥሎ የቁጣን ምልክት ከሰውነቷ ላይ ማንበብ ትለማመዳለች፤ ልቧ ሲመታ፣ ጆሮዋ ሲግል፣ እጇ ሲጨበጥ ቁጣው ሳይፈነዳ ታውቀዋለች። በዚያን ጊዜ ትንፋሿን ካስገባችበት ይልቅ አስረዝማ ቀስ ብላ ታስወጣለች፣ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ትታጠባለች፣ ወይም ከቦታው ዘወር ትላለች። ነገሩ ከበረደ በኋላ ከመምህርቷ ጋር ተቀምጣ የሆነውን ወደ ኋላ ትመረምራለች፤ ምን ተባልሁ? ምን አሰብሁ? ምን አደረግሁ? ምንስ ተከተለኝ? በመጨረሻም «ይህን አልወደድሁትም» ማለትን ያለ ስድብና ያለ ድንጋይ ትለምዳለች። ይህ ሁሉ የሚለመደው በሰላሙ ሰዓት ነው፤ ዋና የሚማር ሰው በጎርፍ ውስጥ አይጀምርም።

በአዊ ዞን ብዙ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በአውኚ ነው፤ አውኚ በአንደኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል። ስለዚህ የዳንግላም ሆነ የእንጅባራ ልጃገረድ ቁጣዋንና ኀዘኗን ከእናቷ በሰማችው ቃል እንድትጠራ ትምህርቱ በሁለቱም ቋንቋ መሰጠት ይገባዋል። ከአውሮፓ ተተርጕሞ የመጣ ወረቀት ብቻ ማደል ግን ጫማን ያለ ልክ እንደ መስጠት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ያልተቀጣ ልጅ ሲቈጡት ያለቅሳል» በማለት ይቃወሙኝ ይሆናል። እኔም ልጅ ያለ ሥርዓት ይደግ አላልሁም፤ ድንጋይ የወረወረች ልጅ ይቅርታ መጠየቅና የበደለችውን መካስ ይኖርባታል። ይሁን እንጂ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ጥፋተኞች እንደ አዋቂ እንዳይቀጡ፣ ይልቁንም በክትትል እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የደረሰው ግጭት ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ተኩስ ሰምታ ያደረች፣ ወይም ዘመድ የቀበረች ልጅ በጥቂቱ ብትበረግግ ምን ያስደንቃል? በእርሷ ላይ አለንጋ ማንሣት በደንባራ በቅሎ ላይ ቃጭል መጨመር ነው።

ከዚህ የሚብስ ስሕተትም አለ። በ14 ዓመቷ ሊድሯት ሲነሡ «እምቢ» ያለችውንም ልጅ ዐመለኛ እንላታለን። የእርሷ እምቢታ የጠባይ ጉድለት አይደለም፤ ሕግ የደገፈው መብት ነው። ስሜትን የመግራት ትምህርት ልጃገረዶችን አንገት ለማስደፋት የሚውል ከሆነ ባይጀመር ይሻላል። ዓላማው ቁጣዋን ማፈን ሳይሆን፣ ለሚገባው ነገር በሚገባው መንገድ እንድታውለው ማድረግ ነው። ስሜቷን የገራች ልጅ «አላገባም፣ እማራለሁ» የሚለውን ቃሏን ሳትንቀጠቀጥ ትናገራለች፤ ወዴት አቤት እንደምትልም ታስባለች።

ስለዚህ ልመናዬ በየቢሮው ለተሰየማችሁት ወጣት ሹማምንትና ገና በትምህርት ላይ ላላችሁት ወንድሞቼና እኅቶቼ ነው። አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤት ትባረር ተብሎ ወረቀት ሲቀርብላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት «ይህች ልጅ ምን ተምራ ነው የወደቀችው?» ብላችሁ ጠይቁ። የተባረረች ልጅ መንገዷ ወይ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ ወይ በሰው ቤት ሠራተኛነት ሊሆን ይችላል። በየትምህርት ቤቱ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንዲት የሠለጠነች መምህርትና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ብዙ በጀት አይጠይቁም። የእንጅባራ ዩኒቨርስቲም በደጃቸው ነው፤ መምህራንን በማሠልጠንና ውጤቱን በመመርመር ሊያግዛቸው ይችላል።

ንባብን ያላስተማርነውን ልጅ ማንበብ አልቻለም ብለን አንገርፈውም። ትዕግሥትንም ሳናስተምር ፈተናውን ብቻ ማቅረብ ፍርደ ገምድልነት ነው።