የፎገራን አማካይ ማን አይቶታል?

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በባሕር ዳር ስታዲየም ቀድሞ ጎል ተቆጥሮባት ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፈች። ሁለቱንም ጎል ያገቡት የመሐል ሜዳ ሰዎች ነበሩ፤ ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ። ከዚያ ስታዲየም ተነሥቶ የጎንደርን አስፋልት የያዘ መንገደኛ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ወረታ ይደርሳል። ያን ዕለት በወረታና በዙሪያዋ ባሉት የፎገራ ወረዳ ቀበሌዎች ስንት ታዳጊ «እኔም አማካይ እሆናለሁ» ብሎ ይሆን? ከእነዚያ መካከልስ ስንቱን ነው አንድ የክለብ አሰልጣኝ ቆሞ ሲጫወት ያየው?

ስለ አማካይ ለይቼ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ፈጣን አጥቂ በሩጫው፣ ረጅም ተከላካይ በቁመቱ በአንድ ቀን ሙከራ ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። አማካይን ግን በአንድ ቀን ሙከራ ማን ይለየዋል? የእሱ ችሎታ ኳሷ ሳትደርሰው ምን እንዳየ፣ ለማንና መቼ እንዳቀበለ፣ ጨዋታው ሲጦዝ እንዴት እንዳረጋጋው ነው። ይህን ለማየት ደጋግሞ መምጣት፣ ይህን ለማስተማር ደግሞ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ሽመልስ የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ሐዋሳ ከተማ ደጁ ላይ ነበር። ከዚያ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም ለዓመታት የግብፅ ፕሪሚየር ሊግ ተከተለ። የጋምቤላው ጋቶች ፓኖም በኢትዮጵያ ቡና በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ2017 የሩሲያው አንዚ ደረሰ። ለፎገራ ልጅ ደጁ የማን ነው? በአንድ በኩል ባሕር ዳር ከተማ፣ በሌላ በኩል የጎንደሩ ፋሲል ከነማ አሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ የቡድን አውቶቡስ ሁሉ ወረታን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። አሰልጣኝ ለመመልመል ሲል ወርዶበት ያውቃል?

እስቲ መጫወቻውን ቀረብ ብለን እንየው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፤ ሩዙ ይህን ይወዳል፣ ኳስ ግን የለም። ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ሲጠነክር ልጆቹ በባዶው ማሳ ላይ ሁለት ሁለት ድንጋይ ለጎል አቁመው ይገባሉ። ዋልካው አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ የታጨደው ሩዝ ግንድም እንደ ሾለ ይቀራል። ኳሷ ወደ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ስትመጣ ስንጥቁ ላይ ነጥራ አቅጣጫ ትቀይራለች። ልጁ ምን ያድርግ? ዓይኑን ከኳሷ አይነቅልም፤ ቢነቅል ታመልጠዋለች። «መጥፎ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ኳስ ቁጥጥሩ ይበስላል» እያልን ኖረናል። ቁጥጥሩስ ይብሰል፤ ቀና ብሎ ማየትን ከየት ይማረው? ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጋይር ዮርዴት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አማካዮችን አጥንቶ፣ ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ዙሪያቸውን ደጋግመው የሚቃኙት ቅብብላቸው የተሻለ እንደሚሰምር አሳይቷል። ይህ ከልጅነት የሚሠራ ልማድ ነው። ልጁን ዕድሜውን ሙሉ አቀርቅሮ እንዲጫወት ያስገደድነው እኛ ሆነን ሳለ፣ በ20 ዓመቱ ለሙከራ ሲመጣ «ሜዳውን አያይም» ብሎ መመለስ ፍትሕ ነው? ለአንድ ወረዳ አንድ የተደለደለና የተጠቀጠቀ፣ ውኃው የሚወርድበት ቦይ ያለው ሜዳ ከአቅም በላይ ነው?

ድህነት ተጫዋች ይሠራል የሚለው ወሬ ከዚህ ጋር አብሮ ይመጣል። የሚጠቀሰውም ሉካ ሞድሪች ነው። እውነት ነው፣ ቤተሰቡ በጦርነት ተፈናቅሎ በክሮኤሺያዋ ዛዳር ሆቴል ውስጥ ተጠልሎ ሳለ ልጁ በሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ይጫወት ነበር። ግን ታሪኩን ለምን እዚያ ላይ እንቆርጠዋለን? በሆቴሉ ደጅ ኳስ የሚያንቀረቅብ አንድ ልጅ እንዳለ የዛዳር ክለብ ሰዎች ሰሙ፤ ሰምተውም ዝም አላሉ፣ ወስደው አሠለጠኑት። ትልቁ ሃይዱክ ስፕሊት ሰውነቱ አነስተኛ ነው ብሎ ሲመልሰው ዛዳር አልጣለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ባሎን ዶርን ያነሣው ያ ልጅ ነው። ሰምቶ የመጣ ሰው ባይኖር ኖሮ ድህነቱ ብቻውን የት ያደርሰው ነበር?

የሰውነት ነገር ከተነሣ እኛ ዘንድ ያለውንም እንናገር። በታዳጊ ውድድሮቻችን የዕድሜ ማጭበርበር መኖሩን ኳስ ተመልካቹ ሁሉ ያውቀዋል። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ በኤምአርአይ የእጅ አንጓ ምርመራ እንዲደረግ ያደረገው ችግሩ ከዓለም ስላልጠፋ ነው። በወረዳና በዞን ውድድር ግን ማን ይመረምራል? ጢሙን ተላጭቶ ከገባ «የ15 ዓመት» ልጅ ጋር የሚጋፋው እውነተኛው የ15 ዓመት አማካይ ኳስ ይነጠቃል፣ ይወድቃል፣ ይቀየራል፤ በሚቀጥለው ዓመት አይጠራም። አሰልጣኙም የዞን ዋንጫ አምጣ ተብሎ ሲገመገም ለምን ትንሹን ያሰልፋል? ዋንጫው መጣ እንበል፤ ዕድሜውን የደበቀው ልጅ ከዚያ በኋላ የት ደረሰ?

ገንዘብ የለም የሚለውን መልስ ለመቀበል እቸገራለሁ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ለማበጀት ተስማምተው ነበር። ጣሪያ ያስፈለገው ወጪው ስላሻቀበ አይደለም? አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ደግሞ በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ከሌላ አካባቢ ተጫዋች መምጣቱን አልቃወምም። ሱራፌል ከአዳማ ከተማ ወደ ፋሲል ከነማ መጥቶ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አብሮ አንሥቷል፤ ጎንደርም እንደ ልጇ ወዳዋለች። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በየዝውውር መስኮቱ ከሚወጣው ብር ስንት እጁ ለታዳጊ ይወርዳል? የአንድ ተጫዋች የአንድ ወር ደመወዝ ለስንት ልጅ ታኬታና ኳስ ይገዛል? ይህን ቁጥር ለግብር ከፋዩ በይፋ የሚናገር አመራር ለምን የለም?

መመልመልና ማሳደግ የማንችል ሆነን አይደለም። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚያው ፎገራ ነው። ባለሙያ የሩዝ ዝርያ ከየቦታው ያመጣል፣ በትንሽ መደብ ይዘራል፣ ዓመት ከዓመት ይመዘግባል፣ ያልሰመረውን ይለያል፣ የሰመረውን አባዝቶ ለገበሬው ይሰጣል። ለልጆቹ የሚጎድለው ይኸው ትዕግሥትና ይኸው መዝገብ ነው። በወረታ ትምህርት ቤቶች ዛሬ መሐል ሜዳ የሚጫወቱትን ልጆች ስም፣ የትውልድ ዘመንና የሦስት ዓመት ለውጥ የሚያሳይ አንድ ደብተር የትኛው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አለ?

ጸጥታው አያስኬድም የሚል መልስም ይኖራል። የአማራ ክልል ችግር እውነተኛ ነው፤ መንገድ በሚዘጋበት ቀን ልጅ ሰብስቡ የሚል ሰው የለም። ሊጉም በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ስለሚካሄድ የፎገራ ልጅ በአቅራቢያው ያሉትን ክለቦች እንኳ በዓይኑ አይቶ የሚማርበት ዕድል ጠቧል። ታዲያ መመልመያው በሰላሙ ጊዜስ የት ነበር? ዛሬስ ቢሆን በየትምህርት ቤቱ ያለውን የስፖርት መምህር የታዳጊ ተመልካች አድርጎ ለማሠልጠን ምን ያግዳል? መምህሩ እዚያው ነዋሪ ነው፤ ልጆቹንም በየሳምንቱ ያያቸዋል።

ለባሕር ዳር ከተማና ለፋሲል ከነማ አመራሮች፣ ለደቡብ ጎንደር ዞን ስፖርት ኃላፊዎችና ለክልሉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የምለው ይህን ነው። ከሚቀጥለው የዝውውር መስኮት በፊት ለታዳጊ የመደባችሁትን ብር ለሕዝብ አሳውቁ። የወረታ የስፖርት መምህራንን ጠርታችሁ አሠልጥኑ፣ መዝገብ ስጧቸው። ሩዙ ታጭዶ ልጆቹ ማሳው ላይ ሲወጡ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን፣ አንድ አሰልጣኝ ላኩ፤ ወር ቆይቶም ያው አሰልጣኝ ተመልሶ ይምጣ።