አይብ ስትገዙ «የዛሬ ነው?» ብቻ አትበሉ

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ «ወተቱ ፈልቷል ወይ?» የሚለው ነው።

ባህላዊው አይብ የሚሠራው ካልፈላ ወተት ነው። ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው በቀስታ ይሞቃል እንጂ አይፈላም። ይህ ሙቀት አይቡን ከአጓቱ ይለየዋል፤ ብሩሴላንና ሊስቴሪያን ለመግደል ግን አያስተማምንም። «ፈረንጅም የጥሬ ወተት ቺዝ ይበላል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ የጣሊያኑ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ ከጥሬ ወተት ነው የሚሠራው። ግን ቢያንስ 12 ወር ይቆያል፤ ጨውና ድርቀቱ ለባክቴሪያ አይመችም። የእኛው እርጥብ ነው፣ በማግስቱ ይበላል።

ስለዚህ ጥሬ ክትፎ ከእንዲህ ዓይነት አይብ ጋር ሲቀርብ አልወድም፤ አንድ ሳህን ላይ ሁለት ጥሬ! (ሚጥሚጣም ጀርም አይገድልም፣ ይቅርታ።) ክትፎው በደንብ ይብሰል፣ አይቡን ደግሞ ቤት ሥሩት፦ ወተቱን አፍልታችሁ ሎሚ ጨምቁበት፣ ሲቆራረጥ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ጣዕሙ እንደ አሬራው አይብ አይሆንም፣ አልዋሻችሁም። ከጎመን ወይም ከዶሮ ወጥ ጋር ግን ያስኬዳል።

በነፍሰ ጡሮች ጉዳይ ግን አልደራደርም። ሊስቴሪያ እናትየዋ ላይ ጉንፋን መስሎ ጽንሱን ሊያስወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሆናችሁ የገበያ አይብ ከበላችሁ በኋላ ትኩሳት ከጀመራችሁ ቤት አትቆዩ፤ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ስለ አይቡ ንገሩት።