ጣት ሲደነዝዝ ጨዋታው ይቁም

ሚድ ባለቀ ማግስት ከዒሻ በኋላ አልጋዬ ላይ ላፕቶፕ ዘርግቼ ዶታ ስጫወት ሌሊቱ ተጋመሰ። ለፈጅር ስነሳ አውራ ጣቴና ቀጣዮቹ ሁለት ጣቶቼ ደንዝዘው የውዱእ ውሃ የያዝኩበት ሃይላንድ ከእጄ አመለጠ። የዶርም ልጆች «ስትለምደው ይለቅሃል» አሉኝ፤ እኔም አምኜ ቀጠልኩ።

ስህተት ነው። በእጅ አንጓ ውስጥ ባለች ጠባብ መተላለፊያ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ያልፋሉ። አንጓው ለሰዓታት ታጥፎ ሲቆይ ነርቩ ይጫናል። መደጋገም ያባብሰዋል እንጂ አያለማምደውም። ሞተር ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ማረፍ እንዳለበት የምናሰላ ተማሪዎች ለእጃችን ሲሆን ስሌቱ ይጠፋናል!

አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው የምጫወተው፤ አንጓዬን ቀጥ አድርጌ፣ ማውሱን ሳላጠብቅ ይዤ፣ ከክርኔ እያንቀሳቀስኩ። አንድ ጨዋታ ሲያልቅ እነሳለሁ። ቀጣዩን ወዲያው መጀመር ነው ነገሩን የሚያበላሸው። ጓንትና ውድ ማውስ ይህን አይተኩም።

ድንዛዜው ለቀናት ከቆየ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። እኔ የሄድኩት ዘግይቼ ነው፤ በፋይናል ሳምንት እርሳስ መያዝ ካቃተኝ በኋላ።