ተራራ የሚወጣ ምን ይጫማ?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የዓባይን ድልድይ የተሻገረ መንገደኛ ዓባይ ማዶን አልፎ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። በቀኝ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ቢያቀና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይጠብቀዋል። ቀጥ ብሎ ጎንደርንና ደባርቅን ያለፈ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚዘልቀው ራስ ደጀን የሚያደርሰውን የስሜን ጉዞ ይጀምራል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የደረሰው ግጭት ይህን ገበያ ክፉኛ ጎድቶታል። መንገዱ ሰላም ሲያገኝ ግን መጀመሪያ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ የጫማ ጉዳይ መሆኑ አይቀርም። ለጥያቄው ገበያው ያዘጋጀው መልስ ደግሞ ደካማ ነው።

ገዢው መጀመሪያ የሚሳሳተው በስሙ ነው። "የተራራ ጫማ" ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የአውሮፓ በረዶ ወጪዎች የሚጫሙት፣ ሶሉ እንደ ሳንቃ የማይታጠፍ፣ ከሥሩ የብረት ጥርስ የሚታሰርበት ጫማ ነው። የአገራችን ተራሮች ግን የበረዶ ግግር የላቸውም። ድንጋይ፣ ሣር፣ ጭቃ፣ ጠዋት ጠዋት አመዳይ ነው ያላቸው። ለዚህ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለውና በመጠኑ የሚታጠፍ የቆዳ ጫማ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ክብደት ከመግዛት አይለይም። በየሱቁ በቀላሉ የሚገኘው ሴፍቲ ጫማም ቢሆን ምትክ አይሆንም። ለግንባታ ሠራተኛ ጣት መጠበቂያ የተደረገው ብረት ቁልቁለት ላይ ጣትን ይደቁሳል፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱን ይዞ ያድራል።

ትልቁ ወጥመድ ሳልባጁ ነው። ልባሽ ጫማ ከታዋቂ ፋብሪካ ስም ጋር፣ ቆዳው በቀለም አብረቅርቆ፣ ከአዲሱ ዋጋ በጥቂቱ ሲቀርብ ማን ይጠላል? ነገር ግን የብዙዎቹ የመካከለኛ ሶል ፖሊዩሬቴን ከሚባል አረፋ መሰል ነገር የተሠራ ነው። ይህ ነገር ባይለበስም እንኳ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ በዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል። ቁም ሣጥን ውስጥ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ጫማ ከውጭ ሲታይ አዲስ ነው። ተራራው ወገብ ላይ ሲደርስ ግን ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ገዢው ይህን ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሊያውቅ አይችልም። ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቅም። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው፣ በኋላም በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ሐሳብ ይኸው ነው። ገዢ ደጉን ከክፉ መለየት ካልቻለ ለሁሉም የክፉውን ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ደግ ዕቃ ያለውም ከገበያው ይወጣል።

አዲስ ከውጭ ይምጣ ቢባል ሒሳቡ ከብዷል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበርና የ200 ዶላር ጫማ 11,400 ብር ይሆን ነበር። ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ 120 ብር በደረሰ ጊዜ ደግሞ 24,000 ብር ይገባ ነበር፤ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመር። ታዲያ የአገር ውስጡ ፋብሪካ ምን ይሠራል? የደጋው በግ ሌጦ በዓለም የጓንት ገበያ ስመ ጥር ነው። ለተራራ ግን ስስ ሌጦ ሳይሆን ወፍራም የከብት ቆዳ ያስፈልጋል፤ የከብት ቆዳችን ደግሞ በመዥገር፣ በመተኮሻ ብረትና በዕርድ ቢላዋ ገና ከገበሬው ደጅ ይጎዳል። እንዲያም ሆኖ ሶሉ በክር የተሰፋ የአገር ውስጥ ወፍራም የቆዳ ጫማ፣ ምንነቱ ካልታወቀ ሳልባጅ ይሻላል። ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ይለውጠዋል።

ልኩን በተመለከተ ቁጥሩን አምኖ መግዛት ኪሳራ ነው። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ፣ በወፍራም ካልሲ መለካት ይገባል። ክሩ ሳይታሰር እግር ወደ ፊት ሲገፋ ከተረከዝ በስተኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከታሰረ በኋላ ደግሞ ሲራመዱ ተረከዝ ከፍ ዝቅ ካለ መተው ነው። ቁልቁለት ቆሞ መፈተኑ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጥፍር የሚነቀለው ሲወርዱ እንጂ ሲወጡ አይደለም።

ለነጋዴው ዕድሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዓባይ ማዶም ሆነ በከተማው መሐል ሱቅ ያለው ሰው ሃያ ዓይነት ጫማ ከሚደረድር፣ አንድ ሁለት ዓይነት ከ38 እስከ 44 ቁጥር አሟልቶ ቢይዝ ይሻለዋል። ሱቁ ውስጥ ከሳንቃ የተሠራ አጭር ቁልቁለት ያቁም። ገዢው ሙሉውን ዋጋ በመያዣ አስቀምጦ ጫማውን ለሦስት ቀን ቤት ውስጥ ብቻ እየተራመደ ይሞክረው፤ ሶሉ አፈር ካልነካ ይመልሰው። ሁለተኛ እጅ የሚሸጥም ካለ ጫማው የተሠራበትን ዓመት ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ዓመቱን ለመጻፍ የማይደፍር ሻጭ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይቀንስ።